ጋሽ ነገና አባ ሐሙስ

አናጢውን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ነገ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እሱም በላቡ ያገኘው ስም ነው። ጠረጴዛ ያዘዘ ሰው በቀጠሮው ቀን ሲመጣ «ነገ ና» ይባላል። በማግሥቱ ሲመጣ ጠረጴዛው ሦስት እግር አውጥቶ ይጠብቀዋል፤ «አራተኛዋን ደግሞ ነገ።» እጁ ግን ወርቅ ነበር። እሱ የሠራው በር ሃያ ዓመት ቢከፈትና ቢዘጋ ሲጥ አይልም፤ ስለዚህ ሰው እያማረረም ቢሆን ተመልሶ ይመጣበታል። ሃምሳ ዓመቱን በወንደላጤነት የደፈነውም በዚሁ ጠባዩ ነው ይባላል። አንዲት ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቃው ሲሰለቻት ሌላ አገባች፤ የሠርግ አልጋዋን ግን ያሠራችው እሱ ዘንድ ነበር። አልጋው የደረሰው ከሠርጉ በኋላ ነው።

ሰው በዚህ ሁሉ ሲስቅበት ኖሯል፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ያቺ ትንሽ ቃል አንድ ቀን አርባ ቤት ይዛ እንደምትሄድ ማን አሰበ?

የአናጢውን ሱቅ ከመንገዱ የሚለየው ቦይ ነበር። ከኮረብታው የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ወንዙ የሚያደርስ፣ ጥልቀቱ የሰው ደረት የሚያህል፣ በድንጋይ የተሠራ ቦይ። በላዩ ላይ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ድልድይ ነበረች። በዝናቡ መግቢያ ላይ ጋሽ ነገ ለአንዲት ሙሽራ ባለ አራት ተከፋች ቁም ሣጥን ሠራ፤ ጉድ በሉ፣ በቀጠሮው ቀን ጨረሰው። ጨርሶ፣ ወልውሎ፣ ቁልፉን ሰክቶ ካበቃ በኋላ ነው ቁም ሣጥኑ በድልድይዋ እንደማያልፍ የታየው። እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁለት ወፍራም ቋሚ እንጨቶች ቦዩ ውስጥ ተከለ፤ በሁለቱ መካከል አንድ አግዳሚ መታበት፤ ከላይ ሳንቃ ረበረበበትና ጋሪው አለፈ። ሰኞ ዕለት ቁም ሣጥኑ ወደ ሙሽራዋ ቤት ሄደ። ሳንቃው ተነሳ፤ እንጨቱ ግን ቦዩ ውስጥ፣ የመንገደኛ ዓይን በማያየው ቦታ፣ እዚያው ቀረ።

«ነገ አነሳዋለሁ» አለ። ማክሰኞም እንደዚያው አለ። ረቡዕም።

ቦዩን የሚጠርጉት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ዝናብ ቢሆን ፀሐይ፣ መንጠቆ የተሰካበት ረጅም ዘንጋቸውን ይዘው ቦዩን ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል፤ ላስቲኩን፣ ቅርንጫፉን፣ የሞተ አይጡን ሳይቀር ያወጣሉ። ሰው ቀኑን የሚያውቀው በእሳቸው ስለሆነ «አባ ሐሙስ» ይላቸው ነበር። በዚያ ሐሙስ ግን ትኩሳት ጥሏቸው አልጋ ላይ ዋሉ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ያመለጣቸው ሐሙስ ያ ብቻ ነው።

ዝናቡ ቅዳሜ ጠዋት ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ነገ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ውሃው ላስቲክና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ሲያመጣ፣ ያመጣውንም በእንጨቶቹ ላይ ሲከምር አየ። ዘሎ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ውሃው ወገቡን ያዘው። አንዱን ቋሚ አቅፎ ሊነቅል ታገለ፤ እንጨቱ ግን የራሱ የእጁ ሥራ ነውና ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ውሃው መሄጃ አጣ። ሰው በር ተሳስቶ ዞር እንደሚል፣ ዝም ብሎ ዞር አለና ወደ ታችኛው ረድፍ ቤቶች ወረደ። ውሃው ሲዞር ጋሽ ነገ አይቶታል። ያንን ያየ ሌላ ሰው የለም።

አርባ ቤት ሄደ። የእሱም ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችው አንዲት ክፍሉም አብረው ሄዱ። ቀን ስለነበር ሰው ሮጦ ወጣ፤ በዕለቱ የሞተ አልነበረም።

ቤት አልባ የሆነው ሰው ኮረብታው ላይ ባለው ትምህርት ቤት አዳራሽ ገባ። አርባ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ቀልድ አይደለም። ሴቱ ልብስ የሚቀይርበት ጥግ አጣ፤ አዛውንቱ እግሩን የሚዘረጋበት። ጋሽ ነገ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመኝ ነበር። ምድር ስላልዋጠችው ተነሳ። ከመጋዘኑ ያረጁ ጥቁር ሰሌዳዎችና የተሰባበሩ ዴስኮች አወጣ፤ መጋዝና መዶሻ ተዋሰ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ ግርዶሽ አቆመ።

«የቀረነውስ?» አለች አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አሮጊት እናቷን ደግፋ እንደቆመች።

«ነገ» ሊል አፉን ከፈተና ቃሏን መልሶ ዋጣት። «አሁን» አለ። እንዳለውም አደረገ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ነገ» ከአፉ ጠፋች። አልጋ የሚያስፈልገው አልጋ አገኘ፤ የተሰበረ ክራንች ያለው ክራንቹ በሰዓቱ ተጠገነ። ሰው ተገረመ። «ጎርፉ የአንዳችንን እንኳ ጠባይ አጥቦ ሄደ» ብለው ሳቁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሞ፣ ከድስቱ ውስጥ፣ ብቻውን ሲበላ የኖረ ሰው አሁን «ጋሼ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ»፣ «ጋሼ፣ ሳትበላ ነው እንዴ የምትወጣው?» የሚሉት አርባ ቤተሰብ አገኘ። ጠዋት ሲነሳ ሥራ አለው፤ ሥራውን የሚጠብቅ ሰው አለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዕድሜው እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ደስ እንዳለው በተሰማው ቁጥር ደግሞ ራሱን ይጸየፋል፤ ደስታው በማን ቤት ላይ እንደቆመ ያውቃላ!

ሌላም ነገር ነበር። ጎርፉ ሲሄድ ቦዩን በጭቃና በፍርስራሽ ሞልቶት ስለሄደ ሰፈሩ በየተራ ይቆፍር ነበር። ጋሽ ነገ በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድሞ ይወርዳል፤ የሚቆፍረውም ከፈረሰው ሱቁ ፊት ያለውን ቦታ ነው። «ይሄማ የእኔ ደጃፍ ነው፣ ለእኔ ተዉት» ይላል። ሰው ትጋቱን እያየ ልቡ ይነካል። ሰውየው ግን የሚፈልገው እንጨቶቹን ነበር። እያንዳንዱን እንጨት ጫፉ ላይ በመሮ ሦስት ጭረት የመጫር ልማድ አለው፤ የላይና የታቹን ለመለየት ነው። ጭረቶቹን ያየ ሁሉ የማን እንደሆኑ ያውቃል። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ቋሚ አገኘ። ጭቃውን ሳያራግፍ ቆራርጦ የጋራው ማብሰያ እሳት ውስጥ ከተተው። ያን ቀን በዚያ እሳት የፈላውን ሻይ ሳይቀምስ ለሌላ ሰው ሰጠው። ሁለተኛው ቋሚ ግን የውሃ ሽታ ሆነ፤ እሱም መቆፈሩን ቀጠለ። በዚህ ትጋቱ ሰው አጨብጭቦ የተፈናቃዮቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር አደረገው።

በሦስተኛው ሳምንት የልብስ ሰፊዋ እናት አረፉ። በጎርፉ ቀን የረጠበው ደረታቸው እንዳሳላቸው ነው የሄዱት። ሣጥናቸውን የሠራው ጋሽ ነገ ነው፤ ማን ሊሠራው ኖሯል? ክዳኑን ሲመታ እጁ ሦስት ጊዜ ምስማር ሳተ። ከቀብር ሲመለሱ ልብስ ሰፊዋ እጁን በሁለት እጇ ይዛ «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» አለችው። እጁን አስለቅቆ ከአዳራሹ ጀርባ ዞረ።

ሰው ደግሞ መከራ ሲደርስበት ጥፋቱን የሚጭንበት ሰው ይፈልጋል፤ ያንን ሰው እስኪያገኝ እንቅልፍ የለውም። አባ ሐሙስ ያንን ድካም አቀለሉለት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው ቆባቸውን ከራሳቸው አውልቀው «ሐሙስ አልወጣሁም። ታምሜ ነበር» አሉ። አለቀ። ባለሱቁ፣ ድምፁ ከአዳራሹ የሚተልቅ ሰው፣ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ «አየህ! አየህ!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቱ» ሲላቸው የኖረ ሰው «አንተ» ይላቸው ጀመር። ሰላምታ ቀረ። ሚስታቸው መሳቀቁን አልቻሉትም፤ እህታቸው ቤት ሄዱ። የአባ ሐሙስም ቤት ከአርባዎቹ ጋር ሄዶ ነበርና፣ አዳራሹ ውስጥ ብርድ በሚገባበት በር አጠገብ ብቻቸውን ቀሩ።

ጋሽ ነገ ከአዳራሹ አልጋ ሁሉ ያማረውን ሠራላቸው። ሻዩን ይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል። ሊናገር አሰበ፤ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ አሰበ። ሊናገር ሲል አንዱ «ጋሼ» ብሎ ይጠራዋል፤ ያቺ «ጋሼ» እንድትቀርበት አልፈለገም። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የሚያምር ምክንያት የለውም። ሽማግሌው ደግሞ ያንን ሁሉ የሚያደርግላቸው ልቡ ደግ ስለሆነ መሰላቸው።

ሦስት ወር አለፈ። ከትምህርት ቤቱ ከፍ ብሎ፣ በቦዩ ዳር ያለው ሜዳ ለተፈናቃዮቹ ተሰጠና አርባ ቤት መሠራት ጀመረ። ግድግዳውን ሁሉም ተጋግዞ ያቆማል፤ በሮቹ የጋሽ ነገ ናቸው። በቆርቆሮ ዳስ ሥር አርባ በር በአርባ ቀን ሊያወጣ ቃል ገባ፤ ሃያ ስድስተኛው ላይ ደርሷል። የቤቶቹ ድልድል ለእሑድ ተቀጠረ። ባለሱቁ አስቀድሞ አቋሙን አስታውቋል፤ «ያሰመጠን ሰው ጎረቤቴ አይሆንም። ሽማግሌው ሌላ ቦታ ይፈልግ።» ብዙ ሰው ከእሱ ጋር ነበር።

ጋሽ ነገ መላ ዘየደ። ሊቀመንበር አይደል? እሑድ ቆሞ «ይቅር እንበላቸው» ብሎ ይለምናል። ሰው እሱን እምቢ አይለውም። አባ ሐሙስ ቤት ያገኛሉ፣ እሱም ስሙ አይጎድፍበትም። ያለ ጥፋታቸው የተወገዙትን ሰው ይቅር አስብሎ በዚያ ሊመሰገን! ዓይን በጨው መታጠብ ማለት ይህ ነው።

ከእሑዱ በፊት በነበረው ሐሙስ አባ ሐሙስ ወደ ዳሱ መጡ። ቦዩ ከተጠረገ ወዲህ ማንም ሳያዛቸው ሐሙስ ሐሙስ መውረዳቸውን ቀጥለው ነበር። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

«ልጄ፣ ሰው አለ?» አሉና ዙሪያቸውን አዩ።

«ማንም የለም አባባ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልንገርህና ልሂድ። ዛሬ ከቦዩ አንድ እንጨት አወጣሁ። ከሱቅህ ዝቅ ብሎ ከጠማማው ማዕዘን ሥር ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ።»

ጋሽ ነገ መላጊያውን እንደያዘ ቀረ። «ምን ዓይነት እንጨት?»

«ወፍራም። ቁመቱ ደረቴ ጋ ይደርሳል። ጫፉ ላይ ሦስት ጭረት አለው። ያንተን ምልክት አላጣውም፤ ከሠራህልኝ አልጋ እግር ላይ በየጠዋቱ አየዋለሁ።»

«እና… የት አደረጉት?»

«ቀበርኩት። ከማብሰያው ጀርባ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ። አይዞህ፣ ማንም አላየኝም።»

«ለምን ቀበሩት አባባ?»

«ለምን ትለኛለህ?» አሉ ሽማግሌው፣ የዋህነቱ እንዳሳዘናቸው ሁሉ። «የሰውን አፍ አታውቀውም። ጎርፉ ሱቅህን ሲያፈርስ ጠርጎ የወሰደው እንጨት እንደሆነ እኔና አንተ እናውቃለን። ባለሱቁ ቢያገኘው ግን ምን ይላል? ‹ቦዩን የዘጋው የአናጢው እንጨት ነው› ይላል። አንዴ ከአፉ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? እኔስ አጥፍቻለሁ፤ የእጄን ነው ያገኘሁት። አንተን ግን ያለ ጥፋትህ እንዲህ ሲያደርጉህ ማየት አልችልም።»

ጋሽ ነገ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። አመሰገናቸው! ካደረገው ሁሉ የከፋው ያ ነው። ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ፤ እሱ በላገው በር ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ነገ ከፊት ቆመ። ያሰበውን መላ አልጣለውም፤ ሰው ከልማዱ በአንድ ሌሊት አይላቀቅም። ተናገረ፤ አሳምሮ ተናገረ። አሥራ ስምንት ዓመት አገልግለውናል አለ፤ ሰው ይታመማል አለ፤ ይቅር እንበላቸው አለ። ጥቂት ሰዎች እንባቸውን ጠረጉ። ባለሱቁ እንኳ ጢሙን አሻሽቶ «እንግዲህ… ላንተ ስንል» አለ። እጆች አንድ በአንድ ተነሱ። መጨረሻ ላይ የልብስ ሰፊዋ እጅ ቀረ።

«እናቴን አይመልስልኝም» አለች። «ግን አንተ ካልክ፣ ጋሼ፣ እሺ።» እጇን አነሳች።

በሩ አጠገብ አባ ሐሙስ ተነሱ። በመካከል አልፈው ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርሱ ቆባቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉ፤ ሊንበረከኩም ዝቅ አሉ።

«አባባ ይቁሙ!»

የጋሽ ነገ ድምፅ ነው፤ እሱ ራሱ ደነገጠ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ይቁሙ። እርስዎ አይደሉም። ቦዩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ለቁም ሣጥኑ ብዬ የተከልኩት እንጨት ነው። ሰኞ ተከልኩት፤ አላነሳሁትም።»

ባለሱቁ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አየኸው ይሄን ሰው?» አለ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ። «ለሽማግሌው ብሎ ጥፋቱን በራሱ ሊጭን ነው እኮ! ተው እንጂ ጋሼ፣ ይቅር ብለናቸዋል፣ አበቃ።» አዳራሹ በፍቅር ተንጫጫ። አንዲት ሴት «እንዲህ ዓይነት ሰው የት ይገኛል?» ስትል ሰማት።

ጉድ ፈላ! ሦስት ወር ሙሉ ለመዋሸት ያልተቸገረ ሰው እውነቱን ቢናገር የሚያምነው አጣ። «አባባ፣ ይንገሯቸው» አለ። «ሐሙስ ያገኙትን እንጨት ይንገሯቸው።»

አባ ሐሙስ ቀጥ ብለው አዩት። «ምን እንጨት?» አሉ። «እኔ እንጨት አላገኘሁም።»

ጋሽ ነገ ከአዳራሹ ወጣ። ሰው ተከተለው። ማብሰያው ጀርባ ዞሮ፣ በርሜሉ አጠገብ ተንበርክኮ በእጁ ቆፈረ፤ ጥፍሩ እስኪደማ ቆፈረና አወጣው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ከበበው። ጭቃው እንደ ልጣጭ ደርቆበት ነበር። በርሜሉ ውስጥ ነከረው፣ በእጁ አሸው፣ ቀና አድርጎ ያዘው። ከሦስቱ ጭረቶች ዝቅ ብሎ አግዳሚው የገባበት በመሮ የተበጀ ጎድጓዳ፣ በጎድጓዳው ላይ የተመቱ ሁለት ትልልቅ ምስማሮች ታዩ።

«ጎርፍ እንጨት ይወስዳል» አለ። «ምስማር ግን አይመታም። ይሄኛው አንዱ ነው። ሌላውን እኔ ራሴ አግኝቼ አነደድኩት። በየጠዋቱ ቀድሜ የምወርደው ለዚህ ነበር።»

አሁን የሳቀ አልነበረም።

አባ ሐሙስ ቀርበው ምስማሮቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ስንት ቀን ቆየ?»

«አምስት ቀን።»

«ሐሙስ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ብወጣ ኖሮ አነሳው ነበር።»

«አይ አባባ» አለ ጋሽ ነገ። «ቢወጡ ኖሮ ‹ይተዉት፣ ነገ አነሳዋለሁ› እልዎት ነበር። ያውቁኛል። እርስዎም እሺ ብለው ያልፉ ነበር።»

ሽማግሌው ቆባቸውን ራሳቸው ላይ መለሱ። «ሦስት ወር» ብቻ አሉና ዞረው ሄዱ።

ልብስ ሰፊዋ ቀረች። «የእናቴን ሣጥን ስትመታ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

አየችው። ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። እሱም ከዚያን ቀን ወዲህ «ጋሼ» ስትለው አልሰማም።

በማግሥቱ ሊቀመንበርነቱን ለባለሱቁ ሰጡት። ለአባ ሐሙስ ከላይኛው ረድፍ፣ ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ቤት ደረሳቸው፤ ሚስታቸውም ከእህታቸው ቤት ተመለሱ። የጋሽ ነገ ቤት ነገር በእንጥልጥል ቀረ። ሂድ ያለው የለም፤ ኑርም ያለው የለም። ለመሄድ መሣሪያውን በከረጢት ከቶ ነበር፤ ግን አሥራ አራት በር ቀርቶታል። በር የሌለው ቤት ትቶ መሄድ ሁለተኛ ጎርፍ መሆን ነው ብሎ ከረጢቱን ፈታ። ዳሱ ሥር እያደረ ይሠራል። የጨረሰውን በር ሰው መጥቶ ይወስዳል፤ ሲወስድ ቀና ብሎ አያየውም። ሻይ የሚያመጣለት የለም። ባዶ ብርጭቆ ይዞ ሲቀመጥ ሆዱ ይባባል፤ ወዲያው ደግሞ «ይገባኛል» ይላል። ቢሆንም ከጎርፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጎ ይተኛ ነበር። በዚያም ያፍር ነበር።

በሦስተኛው ሐሙስ ጠዋት አባ ሐሙስ ዳሱ በር ላይ ቆሙ። ዘንጋቸውን ይዘዋል።

«ያዝ» አሉት።

ያዘው።

«ይቅር ብዬህ አይደለም» አሉ። «ክንዴ ደክሟል፤ ጭቃው ደግሞ አይጠብቅም። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለህ። አንድ ሐሙስ ብትቀር አላናግርህም።»

«አልቀርም አባባ።»

ፊት ፊት አስሄዱት። እሱ ቦዩ ውስጥ ይወርዳል፤ እሳቸው ዳር ዳሩን እየሄዱ «እዚያ ጋ፣ አይደለም ወደ ግራ፣ ዓይን የለህም እንዴ?» እያሉ ያዛሉ። በየደጃፉ ያለው ሰው ይነሳል፤ «እንደምን አደሩ አባባ!»፣ «ደህና ዋሉ አባባ!» ባለሱቁ እንኳ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ቆቡን ያነሳል። ለጋሽ ነገ የሚደርሰው ሰላምታ የለም። ቦዩ ውስጥ ሆኖ ሰላምታው በራሱ ላይ ሲያልፍ ይሰማዋል፤ ሦስት ወር ሙሉ የሰው ሰላምታ ሲወስድ ከርሞ አሁን ባለቤቱ ጋ ሲደርስ መስማት ደስ ይለው ጀመር።

እንዲህ እየሆነ ሐሙሶቹ አለፉ። አርባውም በር አለቀ፤ ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ በየቤቱ ገባ። ሁለተኛው ዝናብ መጣ፤ ቦዩ ሞልቶ እስከ አፉ ደረሰና ሳይዞር፣ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ያን ቀን ጋሽ ነገ ዘንጉን ይዞ ዝናቡ እስኪያባራ ዳሩ ላይ ቆሞ ዋለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለቱ ሲወርዱ ልብስ ሰፊዋ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው።

«አባባ» አለች።

«አቤት ልጄ።»

«ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ። በሬ ከዝናቡ ወዲህ አብጦ አልገጥም ብሏል።»

ያ ሰውዬ ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ቦዩ ውስጥ ደረቱ ድረስ ገብቶ ቆሟል። አባ ሐሙስ ወደ እሱ ጎንበስ አሉ፤ ከሌላ አገር መልእክት እንደሚያደርስ ሰው ድምፃቸውን አስተካክለው «በሯ አልገጥም ብሏል ትላለች» አሉት።

«አሁኑኑ ልየው ይበሏት» አለ።

«አሁኑኑ ልየው ይላል።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ኮረብታው ቀና አለች። ከላይ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ከዚያ ቦዩን አየች፤ ዘንጉን አየች፤ ዘንጉን የያዘውን እጅ አየች።

«አሁንማ አይሆንም» አለች። «ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቦይ አለበት።» ወደ ቤት ገብታ በሩን ልትዘጋ ገፋችው፤ አልዘጋም አላት። ቀሪው ቃሏ በክፍተቱ በኩል ወጣ።

አባ ሐሙስ እንደገና ወደ ቦዩ ጎንበስ አሉ።

«ነገ ና ትላለች» አሉት።